ቁልቁለቱ የት ሄደ?

ቲቸር በለጥሻቸው ፈተና መለሰች፤
እኔ ጋ ስትደርስ አንዴ ተነፈሰች።
ከሦስተኛው ጥያቄ፣ ከመልሴ ግርጌ፣
በቀይ እስክሪብቶ፣ በጠባብ ኅዳጌ፦
«ቁልቁለቱ የት ሄደ?»
ሌላ ቃል የለበትም። አራት ነጥብ ወረደ።

ጥያቄው ቀላል ነበር፦ የኮሳይን ኩርባ
ፓይ በሁለት ላይ ደርሶ ከዜሮ ሲገባ
የሚነካውን መስመር፣ ታንጀንቱን ፈልጉ።
አስተምራን ነበር፦ ኩርባው ላይ ሁለት ነጥብ ተክላ፣
አንዱን ወደ አንዱ ገፍታ፣ ጠመኔዋን ነቅላ፦
«ሊደርስ ሲል ነው ነገሩ፤ ከደረሰማ አለቀ።»
ያኔ መስመሩ ለቅጽበት ከኩርባው ጋር ታረቀ።

እኔ ግን የኮሳይን ዴሪቬቲቭ ሳይን ነው ብዬ፣
ሰረዟን ከፊቱ ጥዬ፣
አንዲት የገብስ ፍሬ የማታህል ሰረዝ፣
አንድ አልኩና ዘጋሁት።
መስመሬ ሽቅብ ወጣ፣ ኩርባው ቁልቁል ሲሄድ፤
ተላለፉ እንደ ባዳ፣ በአንድ ጠባብ መንገድ።

ቅዳሜ ረዳት ነኝ፣ የጋሽ ዘርጋው ኢሱዙ ላይ።
ከደብረ ብርሃን ማታ፣ ድንች ጭነን፣ ሸራ ወጥረን፣
የጣርማ በር ዋሻ ተፋን፤ ጉሙ ደግሞ ዋጠን።
ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም። ያለው ሁለት ቢጫ በትር፣
ከግንባራችን ወጥቶ ጉሙን የሚሰነጥር።
መንገዱ ይታጠፋል፤ መብራቱ ግን አያውቅም፤
እኛ ወደ ግራ ስንዞር እሱ ቀጥታውን አይለቅም፤
ባለንበት ነጥብ ላይ አስፋልቱን ነክቶ
ይሄዳል ወደ ባዶ፣ ከገደሉ ማዶ፣ እኛን ትቶ።

«ታንጀንት» አልኩ በልቤ። ለካ ጮክ ብዬ ኖሯል፤
ጋሽ ዘርጋው «ማነው እሱ?» አለኝ፣ «መኪና ይመጣል?»
አስረዳሁት፦ ጎማ ቢንሸራተት፣ አስፋልቱን ቢክድ፣
ከዚያች ቅጽበት ወዲያ የሚይዘውን መንገድ።
ሳቀ። «እሱንማ» አለ «በጎድኔ አውቀዋለሁ፤
በሰማንያ ስምንት ክረምት፣ ከዚች ድንጋይ በታች፣ ሄጄበት መጥቻለሁ።»

ከዚያ ቦታው መጣ። ግራው ኩርባ አልቆ፣ ቀኙ ሳይጀመር፣
መሪውን ላላ አደረገው፣ በሁለት ጣት ብቻ ሊያስር።
«እዚህ ጋ መሪ ያርፋል። ግራም ቀኝም አይደለም።
ትልቁ ቁልቁለት ደግሞ እዚሁ ነው፤ ከዚህ የሚብስ የለም።»

እውነቱን ነው። መብራታችን ከመንገዱ ጋር ገጠመ፤
ለጥቂት ሜትር በትሩም አስፋልቱም አንድ ላይ አዘመመ፤
ነክቶት ብቻ አልተመለሰም፤ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን
ተሻገረ ሰንጥቆት፣ ወስፌ እንደሚበሳ ጆንያን።
ኮሳይን ዜሮ የነካበት፣
ሳይን አንድ የሞላበት፣
ያቺ የረሳኋት ሰረዝ
ሠላሳ ኩንታል ድንች ሆና ከኋላ መጣችብኝ፤
የካቢኑን ጀርባ ገፍታ «ረሳኸኝ ወይ?» አለችኝ።
በእኔ ወረቀት ቢሆን፣ በእኔ መልስ ቢነዳ፣
ኢሱዙው ይህን ጊዜ ከነድንቹ ሽቅብ ነው፣ ከከዋክብት ጓዳ።

ሰኞ ሰሌዳው ላይ ወጣሁ፣ ጠመኔ ፈልጌ፤
ሰረዟን አስቀድሜ፣ አንዱን ከኋላ አድርጌ።
ቲቸር በለጥሻቸው «ማን ነገረህ?» አለችኝ በቀስታ፤
«ድንች» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። እሷ ዝም አለች ለአፍታ።

አራቱ ነጥብ አልተመለሰም።

ወረቀቱም ዛሬ የለኝም። እናቴ ቆሎ ትሸጣለች
ከደሴ አውቶቡስ መስኮት ሥር፤ ጠቅልላ ሰጥታበታለች
ለማታውቀው ተሳፋሪ።
ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ የመጨረሻዋን ሽምብራ አንስቶ፣
ወረቀቱን ሲዘረጋ፣ ያገኛል ከገለባው መሐል፣ ቀልቶ፦
ቁልቁለቱ የት ሄደ?
ቀና ብሎ በመስኮት ያያል።
እውነትም፣ ሜዳ ነው።